ወይን ጠጅ ተራራ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይቺን ደብዳቤ የምታነብልህ እህቴ ናት። ከቸኮለች አስቁማትና «ድገሚው» በላት።

ባለፈው ስናወራ አንድ ሥዕል ፎቶ አንስቼ ልላክልህ ብልህ «ይቅር ልጄ፣ ለእኔ ጭጋግ ነው» አልከኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የዓይን ግፊት አንዴ የወሰደውን አይመልስም እንዳሉህ አውቃለሁ። ፎቶው ካልሆነ ግን ቃል አለ። ዛሬ ሥዕሉንም፣ የሣለውንም ሰውዬ በቃል ልነግርህ ነው።

ከዚያ በፊት ግን፣ ሦስተኛ ክፍል ሆኜ የሣልኩትን ጦሳ ታስታውሳለህ? ተራራውን ወይን ጠጅ ቀብቼው ነበር። አስተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ አደረጉበትና ከሥሩ «ተራራ አረንጓዴ ነው» ብለው ጻፉ። እያለቀስኩ ቤት መጣሁ። ደብተሩን አየህና ምንም አላልክም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቀሰቀስከኝ። በጋቢህ ጠቅልለህ ግቢ አወጣኸኝ። የደሴ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባ ነበር። ጦሳ መጀመሪያ ከሰማዩ አይለይም፣ ድፍን ጥቁር ነው። ቀጥሎ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ሰማያዊ ሆነ። በአዝዋ ገደል በኩል ጎህ ሲቀድ ጫፉ ወይን ጠጅ ሆነ። ከዚያ ጽጌረዳ፣ ከዚያ ወርቅ። አረንጓዴ የሆነው እኔ ቦርሳዬን አንግቤ ስወጣ ነው። «አስተማሪው አልዋሹም» አልከኝ። «እሳቸው የሚያዩት በዚህ ሰዓት ነው። ተራራ ምን ዓይነት ነው ለሚል ሰው፣ መጀመሪያ በስንት ሰዓት ብሎ መጠየቅ ነው።»

አሁን ወደ ባርሴሎና ልምጣ። ሞንትጁዊክ የሚባል ኮረብታ አለ። እዚያ ላይ የካታሎኒያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ መግቢያው ነፃ ስለሆነ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሄዳለሁ። አንድ ቅዳሜ ዝም ብዬ ስዞር ከአንድ ሥዕል ፊት እግሬ ቆመ። «አስማተኛዋ የባሕር ጥግ» ብለህ ልትጠራው ትችላለህ። ገደል አለ፣ ሥሩ የተኛ ውኃ አለ። የገደሉ ጥላ ውኃው ላይ ወድቋል። ድንጋዩ የት አልቆ ውኃው የት እንደሚጀምር ለማወቅ ትቸገራለህ። ድንጋዩ ደግሞ የድንጋይ ቀለም የለውም። ወይን ጠጅ ነው አባዬ! ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን፣ ጽጌረዳ። ቀረብ ስትል ወፍራም የቀለም ልጥፍ ብቻ ነው። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ገደሉ ተመልሶ ይቆማል። እኔ ቅርብና ሩቅ እያልኩ ስመላለስ ጥበቃዋ ፈገግ ብላ አየችኝ።

ሠዓሊው ዡአኪም ሚር ይባላል። የዚሁ የባርሴሎና ልጅ ነው፣ በ1873 የተወለደ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግርህ።) ወጣት ሳለ ከነኢሲድሬ ኖኔል ጋር ሆኖ ከከተማው ዳር ያሉ ሰፈሮችን ይሥል ነበር። ሥዕላቸው ሁሉ ቢጫ ስለሚያጠቃው ሰዉ «የሳፍሮን ጓዶች» አላቸው። ሳፍሮን እዚህ ሩዝ የሚያቀልሙበት ቅመም ነው፤ የእማዬን አልጫ እርድ አስብ። በ1898 «የድሆች ካቴድራል» የሚል ትልቅ ሥዕል ሠራ። እኔ በየቀኑ በአውቶቡስ የማልፈው ሳግራዳ ፋሚሊያ የሚባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ያኔም እየተሠራ ነበር። ሚር ግን ከፊት ያስቀመጠው ሕንፃውን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው የሚለምኑ ሰዎችን ነው። ሲነግሩኝ ወዲያው የመድኃኔዓለም ደጅ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ሮም ሄዶ ለመማር የሚያስችል ውድድር ገብቶ ተሸነፈ። እኔ ግን እንኳን ተሸነፈ እላለሁ። ሮም ቢሄድ ማዮርካ የምትባለውን ደሴት አያገኝም ነበር። ሳንቲያጎ ሩሲኞል ከሚባል ሠዓሊ ጋር ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ። ሩሲኞል ሲመለስ እሱ ቀረ። ሳ ካሎብራ የሚባል፣ ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ የሚገባበት ቦታ ሄዶ ብቻውን ከተመ። የመኪና መንገድ የገባው በ1932 ነው። በሚር ጊዜ በበቅሎ መንገድ ወይ በጀልባ ካልሆነ አይደረስም። ያቺን የባሕር ጥግ የሣለው በዚያ ዘመን ነው። ወጪውን የሚሸፍንለት አጎቱ ነበር፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለው ሀብታም። ሚርም የአጎቱን ቤት ግድግዳ በሥዕል ሞላለት። ያ ቤት በ1968 ፈረሰ። ይህን ሳነብ የማውቀው ሰው ቤት የፈረሰ ያህል ነው የከፋኝ።

ማዮርካ ሳለ ከገደል ላይ ወደቀ። ክፉኛ ተጎዳ። አእምሮውም ታወከ። በ1905 ሬውስ ከተማ ያለ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ገባ። ሲሻለው ቤተሰቦቹ አሌሻር የምትባል የገጠር መንደር ይዘውት ሄዱ። አባዬ፣ ሰው ከዚህ በኋላ ብሩሽ አያነሳም ትል ይሆናል። እሱ ግን የባሰ ቀለም ውስጥ ገባ። እዚያ የሣላቸውን ስታይ ቤቱ፣ ዛፉ፣ እርከኑ ሁሉ ቀልጦ የቀለም ጠብታ ሆኗል። መንደር መሆኑን የምታውቀው ቆይተህ ነው። በዚያው ዘመን ሌላ አገር ያሉ ሠዓሊዎች ቅርጽን መተው ጀምረዋል። እሱ ግን ያንን ከማንም አልሰማም። ከወይራና ከወይን እርሻ መሃል ቆሞ ፀሐይዋን እያየ ነው የደረሰበት። ከሁሉም አብልጬ የምወዳቸው እነዚህን ነው።

የቀረውን ላሳጥርልህ። በ1921 አግብቶ ቪላኖቫ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ኖረ። በ1930 ማድሪድ ላይ ትልቁን የክብር ሜዳልያ አገኘ። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ግን የተሸነፈውን ወገን ደግፈሃል ብለው አሠሩት። ብዙም ሳይቆይ በ1940፣ በ67 ዓመቱ ሞተ። ዕድሜ ልኩን ዛፍና ውኃ ሲሥል የኖረን ሰው ማሰር ምን ይባላል?

በአንድ ወቅት፣ ከሥራዬ የምፈልገው ልብን ደስ እንዲያሰኝ፣ ዓይንንና ነፍስን በብርሃን እንዲሞላ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ይህን ሳነብ አንተን አሰብኩና መጽሐፉን ዘጋሁት። ቆይቼ ግን መልሼ ከፈትኩት። ዓይን ብቻ አላለም፣ ነፍስም ብሏል። ያን ቀን ጠዋት ያሳየኸኝ ጦሳ እኔ ውስጥ ዛሬም አለ። አንተ ውስጥማ ስንት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ንጋት አለ!

አንድ ነገር ልለምንህ። ጠብታህን ሰዓቱን ጠብቀህ አድርግ፤ የቀረውን ጠብቅልኝ። ደግሞ ነገ ማለዳ እህቴ ትቀስቅስህ። ጋቢህን ደርበህ ግቢ ውጣና ወንበርህ ላይ ቁጭ በል። ጦሳ ምን እንደሚመስል እሷ ትንገርህ፣ አንተ አርማትና ተጽፎ ይላክልኝ። አረንጓዴ ነው ካለችህ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃት።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ፣
ከባርሴሎና