እማዬ፣ ሪፈሩን ከሳጥኑ አውጪው

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ብሶበታል፤ ልጆቹ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ካልተኛን ይላሉ። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ እስክንወረውርላት ድረስ አላስቀመጠችንም። ትልቁ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይፈተናል፤ ሳይንሱን ይወጣዋል፣ ሒሳቡ ግን ያሰጋኛል። አባታቸው የማታ ፈረቃ ገብቶ ቀን ቀን ስለሚተኛ ልጆቹን ዝም ሳሰኝ እውላለሁ። የላክሽው በርበሬም ደርሶናል። በየትኛው እጅሽ እንደቀነጠስሽው ግን አላውቅም።

ስልክ ላይ አታስጨርሺኝምና ነው ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። «እጅሽስ?» ስልሽ «አብሽሪ፣ ደህና ነኝ፤ ይልቅ ልጆቹን አገናኚኝ» ትያለሽ፣ እነሱ ስልኩን ከያዙ በኋላ ተመልሶ እኔ ጋ አይደርስም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ራስሽ ነሽና ራስሽ አንብቢው። ለጎረቤት ልጅ አታስነብቢ፤ የእኔና የአንቺ ብቻ የሆነ ነገር አለበት።

ረመዳንን እኛ ዘንድ ስትከርሚ አይቼሻለሁ። ለሱብሂ ከሁሉ ቀድመሽ ትነሻለሽ። ፔርሙዙን በሁለት ክንድሽ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ የሞቀውን ውሃ ወደ ሳፋው ትገለብጫለሽ። ከዚያ እጆችሽን ነክረሽ ትቀመጫለሽ። መጀመሪያ አውራ ጣትሽ፣ ቆይቶ ሌላው፣ አንድ በአንድ እስኪፈታ ትጠብቂና ነው ውዱእ የምታደርጊው። ቧንቧውን የምትዘጊው በመዳፍሽ እየገፋሽ ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ አንቺ አላየሽኝም። ያ እጅ ነው ሰኞ ገበያ ድረስ የታወቀ እንጀራ ጋግሮ እኔንም ወንድሜንም ያስተማረ። አላህ ይክፈልሽ፤ እኔ ከፍዬ የምጨርሰው አይደለም።

የደሴ ብርድ ነው ትያለሽ። ብርድ ቢሆን ኖሮ ሐረጎን ወርደሽ አንድ ወር ሙሉ እዚህ ሙቀት ውስጥ ስትቀመጪ በለቀቀሽ ነበር። ደግሞ «በ2014 ያን ሁሉ መከራ ያለፍኩ ሰው ቁርጥማት አይገለኝም» ትያለሽ። እውነት ነው፣ ያን ያለፈ ሰው ብዙ ነገር ይችላል። ግን ስለቻልሽው በሽታው አልቆመም።

ሁለት ክረምት አለፈ እኮ። ጤና ጣቢያ በሄድሽ ቁጥር ሌላ ሰው ይገጥምሻል፤ ካርድሽን ገለጥ ያደርግና ከእሱ በፊት የነበረው የጻፈውን ይደግምልሻል። ማስታገሻ በማስታገሻ ላይ፤ ዲክሎፌናክ፣ ቀጥሎ ኢቡፕሮፌን፣ ቀጥሎ መልሶ ዲክሎፌናክ፣ አሁን በመርፌ። አንዱ ዕድሜ ነው አለሽ። አንዷ ሪህ ነው፣ ሥጋ ቀንሺ አለችሽ፣ ከዒድ እስከ ዒድ ሥጋ የማትቀምሺውን ሴት። አንዴ ደምሽ ታይቶ «ንጹህ ነው» ሲሉሽ ደስ ብሎሽ ደወልሽልኝ። በኋላ ጎረቤትሽ ያንን መድኃኒት ቤት አሳየችሽ፤ እዚያ የሚወጉሽ መርፌ ሳምንት ያህል ደህና ያደርግሽና መልሶ ይጥልሻል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» ብሎ አንዲት ወረቀት የጻፈልሽ አልነበረም። ያለ ሪፈር ብትሄጂ የጤና መድህኑ አይከፍልልሽም፤ በየዓመቱ የከፈልሽበትን ካርድ አስቀምጠሽ ከኪስሽ ማውጣት ከበደሽ። በዚህ አልፈርድብሽም።

ከዒዱ በኋላ በግድ የወሰድኩሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያደረገውን ግን አስታውሺ። ገና መሣሪያ ሳይነካ ጠየቀሽ። ጠዋት ስትነሺ ምን ያህል ጊዜ ትተሳሰሪያለሽ? ሁለቱም እጅሽ ነው ወይስ አንዱ? ያበጠው የትኛው ነው? ከዚያ እንደሚጨብጥሽ ሰው እጅሽን ያዘና የጣቶችሽን ሥር ከጎንና ከጎን ጨመቅ አደረገው። «ወየው!» ብለሽ ከወንበርሽ ተነሳሽ። እኔም ደሜ የፈላው ያኔ ነው። ሦስት ጥያቄና አንድ መጨበጥ! ይህን ለማድረግ ራጅ አያስፈልግ፣ መብራት አያስፈልግ፣ የላብራቶሪ ሪኤጀንት አልቋል አያስብል። ሁለት ክረምት ሙሉ ማንም አልጠየቀሽም።

በኋላ እሱው አስረዳኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ብርድም ሥጋም አያመጣውም። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ አብልጦ ይይዛል። ሦስትና ከዚያ በላይ አንጓ ካበጠ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት እጅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተሳሰረ፣ ወይም የጣት ሥር ሲጨመቅ ካመመ፣ የደም ውጤት ሳይጠበቅ ሪፈር መጻፍ አለበት። ደም መጀመሪያ ላይ ንጹህ ሊመስል ይችላል፤ አንቺም የተመለስሽው በዚያ ነው። የአውሮፓ የዘርፉ ሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ያለ በሽተኛ እብጠቱ ከጀመረ በ6 ሳምንት ውስጥ ስፔሻሊስት ይየው፣ በ3 ወር ውስጥ መድኃኒት ይጀምር ይላል። አጥንት መበላት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነውና። ማስታገሻው ጭሱን ሲያራግብልሽ እሳቱ ከሥር ይበላሽ ነበር።

አትቆጪኝ እንጂ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ሄጄ ነበር። አልተጣላሁም፣ ስምሽንም አላነሳሁም። ወረፋው እስከ በር ድረስ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ወሊዱ፣ ወባው፣ ቲቢው ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ልጆች ላይ ነው፣ የአንጓ ስፔሻሊስት ደግሞ በአገሩ የሚቆጠር ነው፣ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ። ይህን ሁሉ አምኜ፣ እነዚያን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ካርድ ክፍሉና ምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉልኝ አልኩት። በጠዋት ስብሰባ አነሳዋለሁ ብሎኛል። ተመላልሼም ቢሆን እጠይቀዋለሁ። ያቺ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖረው፣ አብራሽ ወረፋ የምትጠብቀው ሴትዮ፣ እጇ ያበጠው ከጥምቀት ወዲህ ነው አላልሽኝም? እሷ ገና ጊዜ አላት። እባክሽ ንገሪያት፤ ዲክሎፌናኩን ይዛ አትመለስ፣ ሪፈር ጻፉልኝ ብላ ትጠይቅ፣ ካልጻፉላትም ለምን እንደማይጽፉ ይንገሯት።

አሁን ወደፈራሁት ልምጣ።

ጅማ ሦስተኛ ዓመት ሆኜ አባባ ሲታመም በደወልኩ ቁጥር «ገበያ ወጥቷል» ትይኝ ነበር፣ ወይም «መስጊድ ነው»፣ ወይም «አሁን ነው የተኛ፣ አልቀስቅሰው»። ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ መናኸሪያ የተቀበለኝ አጎቴ ነው። ሻንጣዬን ሲያነሳ ቀና ብሎ አላየኝም። አርባው ሊወጣ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። «ትምህርትሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አልሽኝ፤ ሰዉም ሁሉ እናትሽ ልክ ናት አለኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ግን እማዬ፣ ልክ አልነበረም። ትምህርቱ ይደገማል። አባቴን ጉበቱ ሲያመው አጠገቡ ተቀምጬ ውሃ ማቀበል ነበረብኝ፤ አንቺ ብቻሽን ያን ሁሉ ሌሊት ስትችይው እኔ እዚያ ካፌ ተቀምጬ ስስቅ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። በአንቺም እናደዳለሁ፣ ደግሞ ወዲያው ያሳዝነኛል፣ ብቻሽን ስለነበርሽ።

አሁን ደግሞ በራስሽ ላይ ያንኑ ጀምረሻል። ወንድሜ የአዲስ አበባ ቀጠሮ ሊያሲዝልሽ ሲደውል «ሪፈር የሚባል አልተጻፈልኝም» ብለሽዋል። እኔ ሐኪሙ ሲጽፈው፣ ማኅተም ሲመታበት አይቻለሁ። የቤቱ ካርታና የአባባ ፎቶ ካለበት ሳጥን ውስጥ እንዳስገባሽውም አውቃለሁ፤ የማይነካ የምትይው ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው።

እኔ ግን የተደረገብኝን አንቺ ላይ አላደርገውም። ሐኪሙ አንቺን ደም እንድትሰጪ ልኮ ለእኔ ብቻ የነገረኝ አለ፣ ያንን እነግርሻለሁ። የቀኝ እጅሽ ራጅ ላይ የሁለት ጣቶችሽ ሥር አጥንቱ ዳር ዳሩን ተበልቷል። ያ አይመለስም። ወደ ትንሿ ጣትሽ ያዘነበሉትም እንደ ድሮው ቀጥ አይሉም። ያን ትልቁን ምጣድ፣ ሰፌዱን እንደ ጥንቱ ስታነሺው አላይሽ ይሆናል። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ከብዶኛል፣ ግን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው። የተረፈው ብዙ ነው። ጉልበትሽ፣ ትከሻሽ፣ ግራ እጅሽ፣ ሌሎቹ ጣቶችሽ ገና ናቸው። መድኃኒቱ የሚያተርፈው እነዚህን ነው፤ እያንዳንዱ የሚያልፍ ወር ደግሞ ከእነሱ ላይ ይቀነሳል።

ጎረቤትሽ «የካንሰር መድኃኒት ሊሰጡሽ ነው» ብላ አስፈራራችሽ አሉ። ሜቶትሬክሴት ነው ስሙ። ለካንሰር በብዙ መጠን ይሰጣል፣ ለአንጓ ግን በትንሹ፣ ያውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን ማለት አንድ ቀን ማለት ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ስለዚህ ካዘዙልሽ ጁምዓን እንይዛለን፣ በየሳምንቱ እኔ እደውላለሁ። ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን በሌላ ቀን ይሰጡሻል። ጉበትሽን እንዳይነካብሽ ፈርተሽ እንደሆነ፣ ከአባባ በኋላ ጉበት ሲባል ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ከመጀመሩ በፊት ጉበትና ኩላሊት፣ የደም ሴልና ሳንባ የሚታየው፣ ከጀመርሽም በኋላ በየጊዜው ደም የሚወሰደው። ደግሞ እንደ መርፌው በማግስቱ አይሰማሽም፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። አልሠራልኝም ብለሽ መሃል ላይ እንዳትተዪው።

ከመርፌው ጋር የሰጡሽ ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ፕሬድኒሶሎን ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት ያመጣሉ፣ አጥንትም ያሳሳሉ፤ ግን ብዙ ቆይተሽባቸዋልና ይህን አንብበሽ በድንገት እንዳታቆሚያቸው፣ ድንገት ማቆሙ ራሱ ይጥላል። እንዴት እንደሚቀነሱ ሐኪሙ ይነግርሻል። ሆድሽን ካቃጠለሽ ወይም ሰገራሽ ከጠቆረ ግን ዲክሎፌናኩን አቁመሽ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ።

ቀጠሮው ጥቁር አንበሳ ነው፣ ሰኞ ጠዋት። መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ከመንጋቱ በፊት ይነሳል፤ በዚያ ሰዓት ጣትሽ እንዳልተፈታ ስለማውቅ ከእኔ ቤት ነው የምትነሺው፣ አብሬሽም እሄዳለሁ። ከፊት መቀመጫ ተቆርጦልሻል፣ ፔርሙዙን እኔ እይዘዋለሁ። ወንድሜ ላምበረት መናኸሪያ ይቀበለናል። ስለ ብሩ አንድ ቃል አታንሺ፤ እሱና እኔ ተነጋግረን ጨርሰናል። ልጆቹ ከአክስታቸው ጋር ይቆያሉ፣ ትልቁም ለሒሳቡ አስጠኚ አግኝተንለታል።

ሐሙስ ከዙሁር በኋላ ሚኒባስ ያዢና ውረጂ። ሪፈሩን፣ ራጁን፣ የጤና መድህን ካርዱን፣ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶውን ብልቃጥ ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ያዢ። ሌላ ዕቃ አትሸከሚ፣ በርበሬም አንፈልግም። የሳጥኑ ቁልፍ ለጣትሽ ካስቸገረሽ አጎቴን ጥሪው፣ ነግሬዋለሁ። ሐሙስ ማታ ካልደረስሽ ዓርብ በጠዋት እኔው እመጣለሁ፣ ሳጥኑንም እኔ እከፍተዋለሁ።

ልጅሽ
ከኮምቦልቻ