ግልጽ ደብዳቤ ለቤልቪው ከተማ ምክር ቤት፦ የሕንፃውን ዕድሜ ሳንፈርም እንወቅ

ለቤልቪው ከተማ ምክር ቤት አባላት
ዋሽንግተን ስቴት

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ኪራይ ናረ ብዬ ላለቅስባችሁ አይደለም። በዋሽንግተን ሐይቅ ወዲህም ሆነ ወዲያ ማዶ ያልናረበት የለም፤ ቤልቪው ስንገባም ርካሽ ነው ብሎ ያታለለን ሰው አልነበረም። ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተከራይ ውል ከመፈረሙ በፊት፣ የሚገባበትን ሕንፃ የኪራይ ጣሪያው ሕግ (የኪራይ ጭማሪን የሚገድበው የስቴቱ ሕግ) ይመለከተው እንደሆነ ከከተማው ማወቅ ይቻለው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2025 ገዥው ቦብ ፈርጉሰን የፈረሙት ሕግ፣ በ12 ወር ውስጥ የሚደረግ የኪራይ ጭማሪ 7 በመቶ ሲደመር የዋጋ ግሽበቱን፣ ወይም 10 በመቶን እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ነው የሚሠራው። ወሬው በየቴሌግራሙ ሲዞር ብዙዎቻችን ተገላገልን ብለን ነበር። ከወሬው የቀረው አንቀጽ ግን የመጀመሪያ የመጠቀሚያ ፈቃዱን፣ ማለት ሰው እንዲገባበት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ካገኘ 12 ዓመት ያላለፈውን ሕንፃ ከጣሪያው ነፃ ያደርገዋል።

የሕጉ ሐሳብ ይገባኛል፤ ቤት የሚሠራው ገንዘብ እንዳይሸሽ ነው። አዲስ ሕንፃ በብርቅ በሚታይበት ከተማ ይህ ብዙ ሰው አይነካም። መሀል ቤልቪው ግን ክሬን ጠፍቶበት አያውቅም። ስፕሪንግ ዲስትሪክት የሚባለውን የከተማችንን ሰፈር ተመልከቱ፤ ድሮ መጋዘን በነበረበት ቦታ ከቆሙት አፓርትመንቶች ገና 12 ዓመት የሞላው የለም። በ2024 ሥራ የጀመረውን ባቡር ተከትሎ እዚያ የተከራየ ሰው፣ ጎረቤት ሰፈር በአሮጌ ሕንፃ የሚኖረው ዘመዱ ያለው ጥበቃ የለውም። ይህን የነገረው ሰው ግን አለ?

የ“ሁለት ወር ነፃ” ነገር ደግሞ ይጨመርበታል። አዲስ ሕንፃ ቶሎ እንዲሞላ ነፃ ወር ይሰጣል፤ ደስ ይላል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። የወር ኪራዩ 3,000 ዶላር ሆኖ በዓመቱ ሁለት ወር ነፃ ቢሰጥ፣ ተከራዩ በዓመት የሚከፍለው 30,000 ዶላር ነው፤ በወር 2,500። ውሉ ላይ የሚሰፍረው ግን 3,000 ነው። በእድሳት ጊዜ 3,150 የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በወረቀት 5 በመቶ ነው የተጨመረው፣ ከኪስ የሚወጣው ግን በ26 በመቶ አድጓል። በወረቀት ያለው 5 በመቶ ደግሞ ከጣሪያውም በታች ነው። ስለዚህ የሕንፃው ዕድሜም ውሉም አንድ ላይ መታየት አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ይሸወዳል።

እኔ የምኖርበት ሕንፃ ኪራይ ቢሮ ሄጄ ፈቃዱ መቼ እንደወጣ ጠየቅሁ። ስለ ጂሙ፣ ስለ ጣሪያው ላይ መጥበሻ፣ ስለ ውሻ ማጠቢያው ክፍል አጥርተው የሚያስረዱ ሰዎች ይህችን ቀን አያውቋትም። አልፈርድባቸውም፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አልተቀጠሩም።

እናንተ ግን ታውቋታላችሁ። የመጠቀሚያ ፈቃዱን የሚሰጠው ከተማው ነው፤ ቀኑም መዝገባችሁ ውስጥ አለ። በአድራሻ ተፈልጎ የሚገኝ ዝርዝር በከተማው ድረ ገጽ ላይ ይውጣ፤ አጠገቡም 12 ዓመቱ የሚሞላበት ቀን ይጻፍ። ሕጉ አከራይ ነፃ ነኝ የሚልበትን ምክንያት በጭማሪ ማስታወቂያው ላይ እንዲያስረዳ ያዛል። ያ ወረቀት ሲደርስ ግን ልጁ ትምህርት ቤት ተመዝግቧል፣ ሶፋውም አምስተኛ ፎቅ ወጥቷል።

ኪራይ መወሰን ሥልጣናችን አይደለም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ከ1981 ጀምሮ የስቴቱ ሕግ ከተሞችን ከዚህ አግዷል። የማስታወቂያ ጊዜ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎረቤቶቻችሁ ከርክላንድና ሬድመንድ በ2022 ባወጡት ደንብ ከ3 በመቶ የሚበልጥ ጭማሪ ከ120 ቀን፣ ከ10 በመቶ የሚበልጠው ደግሞ ከ180 ቀን በፊት እንዲነገር አድርገዋል። የስቴቱ ዝቅተኛ ጊዜ 90 ቀን ነው። እዚህ ያለን ብዙ አበሾች ቤልቪውን የመረጥነው ለትምህርት ቤቶቹ ብለን ነው። ጃንዋሪ ላይ የመጣ የ90 ቀን ማስታወቂያ ልጅን ኤፕሪል ላይ ከክፍሉ ያስነሳል። እናንተም 180 ቀን ብታደርጉት ጁላይ ይደርሳል፤ ልጁም ክፍሉን ይጨርሳል።

ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻና በየወሩ ስለሚታከሉት ሌሎች ክፍያዎች ብጀምር አልጨርስም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የማስታወቂያው ጉዳይ ደንብ ማውጣትን፣ ክርክርንም ይጠይቃል፤ ጊዜ ቢወስድ አይገርመኝም። ዝርዝሩ ግን በእጃችሁ ያለ መረጃ ነው። መቼ እንደሚወጣ በመጪው ስብሰባችሁ፣ በሕዝብ አስተያየት ሰዓት ተገኝቼ እጠይቃችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመሀል ቤልቪው የሚኖር ተከራይ