ምግቡ የሚዘገየው መንገድ ላይ ሳይሆን ደጃፍ ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዴሊቨር አዲስን የመሳሰሉ ቀዳሚዎች በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምሩ ምግብን በስልክ መተግበሪያ አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣት የጥቂቶች ቅንጦት ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ሳጥን የጫነ ሞተረኛ የማይታይበት ሰፈር ማግኘት ያዳግታል። በገርጂ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት ስለማስተዳድር ነገሩን ከማድቤት በኩል የማየት ዕድል አለኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ መዘግየት በተወራ ቁጥር ወቀሳው ሁሉ በትራፊክ መጨናነቅና በሞተረኛው ላይ ስለሚያርፍ ነው። በእኔ እይታ ብዙው ጊዜ የሚባክነው በመንገዱ ሁለት ጫፎች፣ በምግብ ቤቱ በርና በደንበኛው ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ ቴክኖሎጂው ግን እነዚህን ሁለት ቦታዎች ገና በደንብ አልነካቸውም።

ከደንበኛው ደጃፍ ልጀምር። ሞተረኛው ሰፈሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረገውን የስልክ ንግግር ያልሰማ የለም፤ «ኮብልስቶኑን ይዘህ ግባ፣ ሱቁ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ጥቁር በር ታያለህ» ይባላል፤ ሱቁም ጥቁር በሩም ግን አንድ ብቻ አይደለም። ካርታው ላይ የተቀመጠው ምልክት ብዙ ጊዜ ከግቢው ጀርባ ባለው ጎዳና ላይ ያርፍና ከዚያ ወደ ትክክለኛው በር የሚያሻግር መንገድ አይገኝም። የቤት ቁጥር የለንም ማለት አይቻልም፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ዘመን ከተቋቋሙት ቀበሌዎች የወረስነው አቆጣጠር አለ፤ ነገር ግን ያ ቁጥር ነዋሪን ለመመዝገብ እንጂ እንግዳን እየመራ በር ላይ ለማድረስ ብዙም አይረዳም። በምልክት መጠቆሙም እየከበደ ሄዷል፤ ፒያሳን ጨምሮ በኮሪደር ልማቱ አሮጌ ሕንፃዎች በተነሡባቸው ሰፈሮች አቅጣጫ መንገሪያዎቻችንም አብረው ተነሥተዋል። «የድሮው እገሌ ቡና ቤት የነበረበት» የሚለው አነጋገር ለሰፈሩ ልጅ ይበቃው ይሆናል፣ ከተማውን ከለመደ ገና ጥቂት ወራት ለሆነው ወጣት ግን ምንም አይነግረውም።

ለዚህ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። ጎግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ያስተዋወቀውና ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችለው ፕላስ ኮድ የሚባለው ዘዴ፣ በ10 ፊደላትና ቁጥሮች 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ የሆነን ቦታ ለይቶ ያመለክታል፤ ከከተማው ስም ጋር ሲነገር ደግሞ የመጨረሻዎቹ 6 ብቻ ይበቃሉ። ኮዱ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ በስሌት የሚገኝ በመሆኑ ኔትወርክ በተቋረጠበት ሰዓትም ይሠራል፤ ይህ ለእኛ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጉድለቱን መሸሸግ ግን አልሻም፤ ፊደሎቹ የላቲን በመሆናቸው ለእናቶቻችን በስልክ አንብቦ ማስያዝ ያስቸግራል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ብሎኩንና ፎቁን አይናገርም። ስለዚህ ደንበኛው አንድ ጊዜ በራሱ ድምፅና በራሱ ቋንቋ የሚቀዳው አጭር መግለጫ ከኮዱ ጋር ተያይዞ ቢቀመጥ፣ ሞተረኛውም ምግቡን ባስረከበበት ቅጽበት ስልኩ ትክክለኛውን ቦታ ቢመዘግብ፣ ትናንት አንዱ ልጅ ለፍቶ ያገኘውን በር ዛሬ ሌላው እንደገና ባልፈለገው ነበር። የሕንድ ከተማ በሆነችው ሙምባይ ከ1890 ጀምሮ የምሳ ሣህን የሚያመላልሱት ሠራተኞች፣ በክዳኑ ላይ በቀለም በሚጻፍ አጭር ምልክት ብቻ ጣቢያውን፣ ሕንፃውንና ፎቁን ይለያሉ፤ የረዳቸው ሁሉም የሚያውቀው አንድ ወጥ ምልክት መኖሩ ነው። የእኛዎቹ ድርጅቶች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አድራሻ ለየብቻ ይሰበስባሉ።

ወደ ምግብ ቤቱ በር ስመለስ፣ ችግሩ መተግበሪያው ሁሉንም ምግብ በአንድ ሰዓት መለካቱ ነው። ወጡ ጠዋት የተሠራለት በያይነቱ በጥቂት ደቂቃ ታሽጎ ይወጣል፤ ተጋቢኖና ጥብስ ግን ትዕዛዙ ከደረሰ በኋላ ነው እሳት ላይ የሚወጡት። ሞተረኛው ለሁለቱም እኩል ስለሚጠራ ለአንዱ ቀድሞ መጥቶ በክረምት ዝናብ ከበር ላይ ያለ ክፍያ ይቆማል፣ ለሌላው ደግሞ ዘግይቶ ይደርስና እንጀራው በተጠቀለለበት ፎይል ውስጥ በራሱ ላብ ረጥቦ ይጠብቀዋል። እኛ ማድቤት ውስጥ ያለን ሰዎችም ከነቀፋ ነፃ አይደለንም፤ ወጡን በተለየ ዕቃ አድርጎ እንጀራውን ብቻውን መላክ ዕቃው ስለሚወደድ ብቻ የምንተወው ብዙዎች ነን። የእያንዳንዱን ምግብ የመዘጋጃ ጊዜ ካለፉት ትዕዛዞች ተምሮ ሞተረኛውን በዚያው ልክ የሚጠራ ሥርዓት ለማበጀት መረጃው በድርጅቶቹ እጅ አለ።

የአገሩን የአመጋገብ ሥርዓት የማያውቅ መተግበሪያም ብዙ ይጎድለዋል። በሁዳዴ 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ በጠዋት አዝዞ በዚያው ሰዓት እንዲደርስለት የሚያደርግበት ቀላል የቀጠሮ ማዘዣ ማግኘት አለበት። በረመዳንም የአፍጥር ሰዓት ለሁሉም በአንድ ደቂቃ ስለሚገባ ትዕዛዙ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ አስቀድሞ በቀጠሮ ካልተከፋፈለ የትኛውም ማድቤት አይችለውም። ሥጋና የጾም ምግብ በአንድ ገጽ ተደባልቀው ሲቀርቡ ረቡዕና ዓርብ የሚሳሳተው ደንበኛ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ስለ ክፍያ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዝርዝር ብር ጭቅጭቅ ቀንሷል። ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት ግን የደንበኛው ስልክ ቁጥር ለሞተረኛው በግልጽ መታየቱ ነው፤ በተለይ ሴት ደንበኞች ምግቡ ከደረሰ በኋላ የማይፈልጉት ጥሪ እንደሚመጣባቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ቁጥሩን ደብቆ በድርጅቱ በኩል የሚያገናኝ ጥሪ ሌላ አገር የተለመደ አሠራር በመሆኑ እዚህ የሚከለክለው ምክንያት አይታየኝም።

ከከተማው አስተዳደር የምጠይቀው ከ11ዱ ክፍለ ከተሞች በአንዱ፣ ቢቻል በአንድ ወረዳ ብቻ፣ ለሙከራ ያህል ከቤት ቁጥሩ ጎን የቦታ ኮዱን በየበሩ ላይ እንዲጽፍና ዝርዝሩን ለሁሉም ድርጅት ክፍት እንዲያደርግ ነው። ድርጅቶቹ ደግሞ የመዘጋጃ ጊዜ መረጃ ከምግብ ቤቶች መሰብሰብ ከፈለጉ፣ እኔ የየምግቡን ሰዓት መዝግቤ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የምግብ ቤት ባለቤት
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ