ቅዳሜ አራት ኪሎ

ሰላም ወዳጆች፣

የቅዳሜው ቀጠሮ እንዳለ ነው። ስምንት ሰዓት፣ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ። ያነበበም ያላነበበም ይምጣ።

ባለፈው ከፒያሳ ስንወርድ የጀመርነው ክርክር አልለቀቀኝም። «ፊልም መጽሐፍን ገደለው» ተባለ። እኔ አልተዋጠልኝም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ስንቱ ሰው ግን የሚያውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው! እናቴ አንድ ገጽ ገልጣ አታውቅም። ስለ ጉዱ ካሳ ብትጠይቋት ግን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ታወጋችኋለች። ራዲዮው መጽሐፉን አልገደለውም፤ ሰው ሰብስቦ አስደመጠው እንጂ።

የአሁኑ ችግራችን ሌላ ይመስለኛል። ፊልሙን ለየብቻችን፣ ጆሯችንን ደፍነን፣ ታክሲ ውስጥ እናያለን። የሚያስቀው ቦታ ላይ አብሮን የሚስቅ የለም። (እኔም ብሆን ትናንት ሜክሲኮ መውረድ ሲገባኝ ሳር ቤት ደርሻለሁ።)

ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ምዕራፍ ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነባለን። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይህ ስለማይሆን አጠገቡ ካለ ካፌ እንገባለን። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።

ሂሳብ በየግል ነው። ባለፈው የሆነውን ታስታውሳላችሁ።