የፈታኋት ዝንብ

ይድረስ ለወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም። ሁለተኛው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የመጀመሪያውን ገና አልመለስኩም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ዝም ያሰኘኝ ሀፍረቱ ነው፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ልናዘዝልህ የምፈልገው ነገርም አለ። ስንለያይ ከሰጠኸኝ፣ መንጠቆ ላይ በክርና በላባ ካሰርካቸው የዓሣ ማጥመጃ ዝንቦች የመጨረሻዋን ፈታኋት።

ሦስት ነበሩ፤ አመድማ፣ አንገታቸው ላይ የቆቅ ላባ ያላቸው። አንዷን ትልቅ የትራውት ዓሣ ገመዴን በጥሶ ይዟት ሄደ። ሁለተኛዋ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ተሰክታ ቀረች። ሦስተኛዋን ግን ውሃ አላስነካኋትም። ቡሽ ላይ ሰክቼ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት፤ አንዳንዴ እያወጣሁ አያታለሁ።

አንተ እያለህ መቼ አንድ ዝንብ አስሬ አውቃለሁ? አንተ ታስራለህ፣ እኔ እወረውራለሁ። ከሄድክ በኋላ ግን የሚያስርልኝ ሰው ጠፋ፤ እኔው ጀመርኩ። መንጠቆውን ነክሳ የምትይዝ ትንሽ ሞርሳ ገዛሁ። ስለታም መቀስ፣ የክር መያዣ፣ ሰም። ላባም ሰበሰብኩ። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ነው፤ መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም እንደ እሾህ ይቆምና ዝንቧን ውሃው ላይ ያንሳፍፋታል። የሴቷ ዶሮና የቆቅ ላባ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይወዛወዛል። ይህን አንተ ሺህ ጊዜ ነግረኸኛል። የገባኝ ግን በጣቴ ስነካው ነው።

ያሰርኳቸው ዝንቦች ለዓይን ያምሩ ነበር። ወፍራም፣ ፀጉራም፣ ላባቸው የተትረፈረፈ። ዓሣው ግን ዞር ብሎ አያያቸውም። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ወርውሬ አንድ እንኳ ሳይነካኝ ተመለስኩ። ያን ማታ ነው ያንተን ዝንብ አውጥቼ ሞርሳው ላይ ያሰርኳት።

መብራቱን አስጠጋሁ። ነጭ ወረቀት ከሥሯ አነጠፍኩ። አንገቷ ላይ ያለውን ቫርኒሽ በምላጭ ጫፍ ፈቀፈቅኩትና የክሩን ጫፍ በመርፌ ፈልጌ አወጣሁት። ከዚያ ያንተን እጅ ወደ ኋላ ተከተልኩ። አንድ ዙር እፈታለሁ፣ እጽፋለሁ። ሌላ ዙር እፈታለሁ፣ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ያደረግከው ወረቀቴ ላይ መጀመሪያ ሆነ። ክሩን በራሱ ላይ ጠምጥመህ የቋጨኸው በአምስት ዙር ነው። እሱ ከእኔ ጋር አንድ ነው።

ላባው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ዙር! እንደገና ቆጠርኩ፤ ሁለት ብቻ ነው። እኔ ስድስት ነበር የምጠመጥመው። ደግሞ የላባውን አንዱን ጎን ሙልጭ አድርገህ ነቅለኸዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ዙሮች የግማሽ ላባ ዙሮች ናቸው። እግር የምትመስለው ጭረት ተቆጥራ ታልቃለች።

ሰውነቷን የሸፈነው የጥንቸል ፀጉር ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሲወድቅ ትንፋሼ ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። ከጆሮዋ የተቆረጠው አጭሩና ሻካራው ነው አይደል? እኔ ግን ከጉንጯ ለስላሳውን እያፈስኩ ክሩ ላይ እንደ ጥጥ እጠቀልል ነበር። ከፀጉሩ ሥር ያገኘሁትን ደግሞ ጨርሶ አልጠበቅኩትም። በሰም የታሸ ብርቱካናማ የሐር ክር።

ዝንቧ ደረቅ ሆና ሳያት ኖሬ ብርቱካናማ ነገር አላየሁባትም። በማግስቱ በጻፍኩት ቅደም ተከተል አንዲት አሰርኩ። ሌላዋን ልክ እንደሷ አድርጌ፣ ግን በለመድኩት ጥቁር ክር ሠራሁ። ሁለቱንም ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። በጥቁር ክር የተሠራችው ጠቆረች፤ የከሰል ፍንካች መሰለች። ያንተዋ ግን ውሃው ፀጉሩን ሲያረጥበው ከውስጥ ፍም እንዳለባት ሆነች። ብርጭቆውን ነቅነቅ ሳደርገው ላባው ይከፈታል፣ ይከደናል። ነፍስ ያላት ነው የምትመስለው። ብዙ ሰዓት አየኋት።

ለካ እኔ ሳስር የኖርኩት ለራሴ ዓይን ነው። ዓሣው ከታች ሆኖ፣ ውሃ ውስጥ፣ በሴኮንድ ውስጥ የሚያየውን አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር የሚያነሳ ጽሑፍ ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ፍራንክ ሶየር የሚባል እንግሊዛዊ የወንዝ ጠባቂ ነበር። ያንን ፌዛንት ከሚባል ወፍ የጅራት ላባ የሚሠራ ስመ ጥር ዝንቡን ሲያስር ክር እንኳ አልተጠቀመም። በቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው ያሰረው፤ ሽቦው ማሰሪያም ነው፣ ክብደትም ነው። እግር አላበጀላትም። ዝንቧ የምትመስላቸው የውሃ ነፍሳት እጮች ሲዋኙ እግራቸውን ወደ ሰውነታቸው እንደሚያጥፉ ወንዙ ዳር ሆኖ አይቷል። ይህ ሰው እንዴት ያለ ዓይን ነበረው! ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ የኖረው ሮማዊው ኤሊያንም ስለ መቄዶንያ ዓሣ አጥማጆች ጽፏል። መንጠቆው ላይ ቀይ የበግ ፀጉር ይጠመጥማሉ፤ ሰም የመሰለ መልክ ያላቸውን ሁለት የአውራ ዶሮ ላባዎች ያስሩበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። እነሱም ሁለት ላባ በቅቷቸዋል።

ባለፈው ወር ደግሞ ብል ገባብኝ። በጣም የምሳሳለት የአውራ ዶሮ አንገት ነበር፤ ሳጥኑን ስከፍት ላባው እንደ አቧራ ረገፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አዲስ ያገኘሁትን ላባ ሳልመረምር ከድሮው ጋር ቀላቅዬዋለሁ። አሁን አዲስ ላባና ቆዳ ሲመጣልኝ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ አቆየዋለሁ። አውጥቼ ጥቂት ቀን አሳድርና መልሼ አስገባዋለሁ። አንተም እንዲህ አድርግ፣ አደራ። ያ የጣዎስ ላባህ አሁንም ካለ እሱን ቅድሚያ ስጠው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት ዝንቦች ልኬልሃለሁ። መንጠቆዎቹ 14 ቁጥር ናቸው። ላባቸው ሁለት ዙር፣ ፀጉራቸውም እፍኝ ሳይሆን ቁንጥር ነው። የመጀመሪያዋ አንገቷ ትንሽ ወፍሯል፤ ለመንጠቆው ቀዳዳ ቦታ ሳልተው ቀርቼ ነው። አራተኛዋን ግን እያት። እውነቴን ነው፣ እሷን ስጨርስ ቀጥሎ ያሰብኩት ለአንተ መጻፍን ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ያንተ ሐር ጭራው አካባቢ ፈካ ያለ ነው። ወደ አንገቱ ሲጠጋ ግን ይጠቁራል። ሰም ሐርን እንደሚያጠቁር አውቃለሁ። ወደ ፊት በሄድክ ቁጥር ሰም ትጨምርበታለህ? ወይስ ክሩን ሰም የምትቀባው ከግማሹ ጀምረህ ነው? ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ የእኔ ድንገት ነው የሚጠቁረው፣ ያንተ ግን ቀስ እያለ ነው። እንዴት እንደምታደርገው ጻፍልኝ። በዚህኛው ዙር የምመልሰው በዚያው ሳምንት ነው።

ወዳጅህ