ያ መጋዝ የመሰለ ግራፍ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄ የጠፋው ተቀይሜህ አይደለም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ቀጥሎ ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ፣ ሳፍር ደግሞ ባሰብኝ። ዛሬ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ዕዳ አለብኝ።

መጨረሻ ላይ የላክልኝን ግራፍ ታስታውሰዋለህ? መስመሩ ብድግ ይልና ወዲያው ዜሮ ላይ የሚፈጠፈጠውን፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣውን። እኔም ሊቅ መስዬ «ችግሩ ዳታህ ነው፣ ልኬቱን ድገመው» አልኩህ። አንተም አምነኸኝ ስትደግም ከረምክ። ዳታህ እኮ ንጹሕ ነበር! ባለፈው ሳምንት ያው መጋዝ እኔው ስክሪን ላይ ወጣና እንዴት እንዳሳሳትኩህ ገባኝ።

ግራፉን የሣልንበት ፒጂፕሎት፣ ያ ከፎርትራን ፕሮግራም የሚጠራው የግራፍ መሣያ ላይብረሪ፣ የ1980ዎቹ ልጅ ነው። ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚቀበለው በ4 ባይት «ሪል» (ፎርትራን ነጥብ ላለው ቁጥር በሰጠው ዓይነት) ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ስሌታችንን የምንሠራው በዳብል ፕሪሲዥን፣ በ8 ባይት። ግራፍ እንዲሣልልን ስንጠራው ፎርትራን ለሰብሩቲኑ (ለሚጠራው ንዑስ ፕሮግራም) የሚያቀብለው የአሬዩን (የቁጥሮቹን ረድፍ) የሜሞሪ አድራሻ ነው። ተቀባዩም አድራሻው ድረስ ሄዶ እንደለመደው አራት አራት ባይት እየቆረሰ ያነባል። ማን ይከለክለዋል?

እኔ የገባኝ በወረቀት ስሠራው ነው። አሬይህ ውስጥ 1፣ 2 እና 3 በዳብል ተቀምጠዋል እንበል። ዛሬ በብዛት በምንጠቀምባቸው ማሽኖች የቁጥሩ የታችኛው ክፍል ቀድሞ ስለሚቀመጥ የ1 የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ባዶ ናቸው፤ 0 ተብለው ይነበባሉ። ቀጣዮቹ አራት 1.875 ይሆናሉ። 2 ወደ 0 እና 2 ይሰነጠቃል፣ 3 ወደ 0 እና 2.125። «ሦስት ነጥብ ሣል» ስትለው የሚሥለው 0፣ 1.875፣ 0 ነው። ይኸውልህ መጋዙ! ሁለተኛው የዳታህ ግማሽ ደግሞ ጭራሽ አልተነበበም። እንደ 0.1 ያሉ ቁጥሮች ቢሆኑ ኖሮ በዜሮው ቦታ ዝባዝንኬ ይገባ ነበር፤ ያንተዎቹ ሙሉና ግማሽ ስለነበሩ ነው ጥርሱ እንደዚያ ያማረው።

ኮዳችንን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚያጠናቅረው ኮምፓይለሩ የት ነበር ትለኝ ይሆናል። ላይብረሪው ለብቻው ተጠናቅሮ የተቀመጠ ስለሆነ መስመር የሚሥለው ሰብሩቲን «ፒጂላይን» ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚፈልግ ኮምፓይለሩ አያውቅም። ጂፎርትራን የሚባለው ኮምፓይለር ከ10ኛው ቅጂ ወዲህ አንዱን ሰብሩቲን በአንድ ፋይል ውስጥ አንዴ በሪል፣ አንዴ በዳብል ከጠራኸው ስህተት ብሎ ያቆምሃል። ሁሌም በዳብል ከጠራኸው ግን ትንፍሽ አይልም። (ያንን ስህተት በአማራጭ አፍኖ ማለፍም ይቻላል። እኔ አድርጌው አውቃለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር።)

መድኃኒቱ ሲጠሩት ዳብሉን «ሪል» በሚለው ፈንክሽን ወደ 4 ባይት መቀየር ነው፤ እኔን ግን ይኼም አላዳነኝም። ከሰው የወረስኩት የማጠናቀሪያ ፋይል ውስጥ ሪል ሁሉ 8 ባይት እንዲሆን የሚያዝ አማራጭ ተደብቆ ነበር። «ሪል» ስለው ያው ዳብል ይመልስልኛል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሁን «ሪል32» ብዬ ወርዱን በግልጽ እጽፋለሁ፤ ከዚያም በላይ ለምጠራቸው ሰብሩቲኖች ሁሉ ኢንተርፌስ ብሎክ (ሰብሩቲኑ የሚፈልገውን የቁጥር ዓይነት ለኮምፓይለሩ የሚነግር መግለጫ) አዘጋጅቻለሁ። አሁን ዳብል ባቀብል ኮምፓይለሩ እዚያው ይጮኽብኛል። ፒኤልፕሎት የሚባለው ሌላ የግራፍ ላይብረሪ እንዲህ ያሉ መግለጫዎችን ከያዘ ሞጁል ጋር ስለሚመጣ ይህን ድካም ይቀንስልሃል፤ አዲስ ሥራ ከጀመርክ እሱን እመርጥልሃለሁ።

መሣያውን በሚከፍተው «ፒጂኦፕን» ላይም ተጠንቀቅ። ሰብሩቲን ሳይሆን ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚመልስ ፈንክሽን ነው። ስሙ በፒ ስለሚጀምር ዓይነቱን ካልነገርከው ፎርትራን በድሮ ሕጉ ሪል ያደርገዋል፤ ኢንቲጀር የሚባሉት ከአይ እስከ ኤን የሚጀምሩት ናቸውና። ያኔ መሣያው ይከፈት አይከፈት የሚነግርህን ቁጥር ማመን አትችልም። ኮድህ ላይ «ኢምፕሊሲት ነን» የሚለው መስመር ካለህ ቢያንስ ዓይነቱን እንድትጽፍ ያስገድድሃል። ወሰኑን በሚያዘጋጀው «ፒጂኢንቭ» ላይም የግራፉን ወሰን 10 ሳይሆን 10.0 በል፤ ነጥቧ ከቀረች ኢንቲጀሩ እንደ ሪል ይነበብና ወደ ዜሮ የተጠጋ ኢምንት ይሆናል። ስትጨርስ መዝጋቱን አትርሳ፣ አለዚያ የፖስትስክሪፕት ፋይሉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል።

ያ የድሮ ዳታ አልጠፋም አይደል? የመጀመሪያውን ማለቴ ነው፣ እኔ ድገመው ያልኩህን። ላክልኝና እኔው ልሣለው፤ መስመሩ እውነት ምን እንደሚመስል ማየት አለብኝ። ብትሰድበኝም እቀበላለሁ፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ወንድምህ