የዋርፋሪን መጠን ቀስ በቀስ እንደሚስተካከል ይነገረን

ክቡር አዘጋጅ፦

እናቴ የልብ ምታቸው በመዛባቱ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የጀመሩት ከገና በኋላ ነበር። መድኃኒቱን የሰጡን ባለሙያ «በቀን አንድ ፍሬ» ከማለት በቀር፣ ትክክለኛው መጠን አይኤንአር በተባለው የደም ምርመራ እየታየ በሳምንታት ውስጥ እንደሚስተካከል፣ ለአብዛኛው ታካሚም ውጤቱ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን እንደሚፈለግ አልነገሩንም። የመጀመሪያው ውጤት 1.4 ሲሆን መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ልንጨምርላቸው ነበር፤ ይህም ሙሉ ኃይሉ ከበርካታ ቀናት በኋላ ለሚታይ መድኃኒት ለመድማት የሚያጋልጥ አደገኛ ስሕተት በሆነ ነበር።

ሌላ ሐኪም በትዕግሥት ካስረዱን በኋላ፣ ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ፍሬ በምላጭ ለሁለት እየከፈልን፣ ሙሉና ግማሽ የሚወሰድባቸውን ቀናት በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ እየጻፍን፣ ውጤቱ 2.5 ደረሰ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ጎመን በየቀኑ መመገብ ሲጀምሩ ግን ቁጥሩ እንደገና ወረደ። በጎመን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ ሐኪሙ እንዳሉን ጎመን መተው ሳያስፈልግ፣ የሚበላውን መጠን ከሳምንት ሳምንት ማመጣጠንና በጾም መግቢያና መውጫ መመርመር ይበቃል። (ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዛው ዳይክሎፌናክም የመድማት አደጋውን እንደሚጨምር ያወቅነው ያኔ ነው።)

ስለዚህ መድኃኒት ቤቶች በዋርፋሪን ከረጢት ላይ ቀጣዩን የምርመራ ቀን እንዲጽፉ፣ የጤና ዓምዳችሁም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጉዳዩን እንዲያብራራ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ